ከመራራው ሐይቅ እስከ አኪታ፦ የጨውና የደም ግፊት ታሪክ

የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. በስዊዝ ቦይ መሀል በሚገኘው ታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ «ኩዊንሲ» የተባለች የአሜሪካ የጦር መርከብ መልሕቋን ጥላ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ጋር የተገናኙት በዚያች መርከብ ላይ ነው። ስለዚያ ቀን በአገራችን ብዙ ተብሏል፤ የኤርትራ ጉዳይ፣ የባሕር በሩ፣ የባቡር ሐዲዱ… እኛ ዛሬ ፖለቲካውን ለባለቤቶቹ እንተወውና ሌላ ነገር እንጠይቅ። ከንጉሠ ነገሥቱ ፊት ለፊት በተቀመጡት ሰው የደም ሥር ውስጥ ምን ይካሄድ ነበር?

ከዚያ ቀን አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በማርች 1944 (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ሳልል የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ቀንሶ ማንበቡን ለእናንተ ትቻለሁ)፣ ሃዋርድ ብሩን የሚባል ወጣት የባሕር ኃይል የልብ ሐኪም ሩዝቬልትን መርምሮ ደነገጠ። ግፊታቸው 186 በ108 ነበር። ልባቸው ሰፍቷል፤ ደም የመግፋት አቅሙም ተዳክሟል። ብሩን ያዘዘው ነገር የልብ መድኃኒት፣ ዕረፍት፣ ሲጋራ መቀነስ እና ጨው የቀነሰ ምግብ ነበር። የፕሬዚዳንቱ ዋና ሐኪም አድሚራል ማክንታየር ግን ለሕዝቡ «ደህና ናቸው» ማለታቸውን ቀጠሉ። (የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ነበሩ፤ እንግዲህ መሪ ሲታመም ሐቁን የሚደብቅ ሐኪም የኛ አገር ብቻ ፈጠራ አይደለም።)

ከመራራው ሐይቅ ስብሰባ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ ሩዝቬልት ጆርጂያ ውስጥ ሥዕላቸው እየተሣለ ሳለ ራሳቸውን ክፉኛ እንዳመማቸው ተናግረው ወደቁ። ብሩን ሲለካቸው ግፊታቸው ከ300 በ190 በላይ ነበር። አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሷል። ማክንታየር ነገሩ ፈጽሞ ያልተጠበቀ ነው አሉ። በእርግጥ ግን የፕሬዚዳንቱ ግፊት በ1941 ላይ ገና 188 በ105 ሆኖ ተመዝግቦ ነበር። ዛሬ ማንኛዋም የጤና ጣቢያ ነርስ ይህን ቁጥር አይታ «አባባ፣ ዛሬ ወደ ቤት አይሄዱም» ትላለች።

ታዲያ በዓለም ላይ ኃያል የተባለው ሰው ያን ሁሉ ሐኪም ከቦት እንዴት እንዲህ ሞተ? ቀላሉ መልስ የማክንታየር ውሸት ነው። እውነተኛው መልስ ግን ከዚያ ይሰፋል፤ የዘመኑ ሕክምና ራሱ ግፊትን እንደ በሽታ አጥብቆ አይመለከተውም ነበር። ሰው ሲያረጅ የደም ሥሩ ይጠባል፣ ስለዚህ ደሙን ገፍቶ ለማሳለፍ ከፍ ያለ ግፊት ያስፈልገዋል ተብሎ ይታመን ነበር። የበሽታው የሕክምና ስም ሳይቀር በፈረንጅ አፍ «አስፈላጊ» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ተለጥፎበታል። በ1931 አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም ግፊት ላለበት ሰው ትልቁ አደጋ ግፊቱ መታወቁ ነው፣ ምክንያቱም ከታወቀ አንዱ ሞኝ ሊቀንሰው መሞከሩ አይቀርም ሲል ጽፏል። ቀልዱን አልነበረም።

የሚገርመው፣ ጨው ተጠርጣሪ ሆኖ መዝገብ ላይ ከሰፈረ በዚያን ጊዜ አርባ ዓመት አልፎት ነበር። በ1904 ፓሪስ ውስጥ አምባርና ቦዣር የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ጥቂት ሕሙማንን ይዘው የሚበሉትን ጨው ሲጨምሩ ግፊቱ ሲወጣ፣ ሲቀንሱ ሲወርድ አይተው አሳትመዋል። ጽሑፉ ተነበበ፣ ተከራከሩበት፣ ተረሳ።

ከመረሳት ያወጣው ከናዚ ጀርመን የተሰደደ ዋልተር ኬምፕነር የሚባል ሐኪም ነው። አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ከ1939 ጀምሮ በግፊትና በኩላሊት የተያዙ፣ ሌሎች ሐኪሞች «በቃ» ያሏቸውን ሰዎች ሩዝ፣ ፍራፍሬና ስኳር ብቻ እያበላ ያክም ነበር። ጨው የሚባል ነገር የለም። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ኬምፕነር ይህን ምግብ ከሁለት ሳምንት በላይ ማስቀጠል ይፈራ ነበር ይባላል። በ1942 አንዲት የገበሬ ሚስት «ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሺ» ይላታል። የሰውየው እንግሊዝኛ በጀርመንኛ የታሸ ነበርና እሷ «ከሁለት ወር በኋላ» ብላ ሰማችው። ሁለት ወር ሙሉ ሩዝና ፍራፍሬዋን በልታ ስትመጣ ግፊቷ ወርዶ፣ ያበጠ ልቧ ወደ ቦታው ተመልሶ፣ ዓይኗ ውስጥ ይፈስ የነበረው ደም ደርቆ ተገኘ። ኬምፕነር የልብ ራጅና የዓይን ፎቶግራፍ «በፊት» እና «በኋላ» እያለ ጎን ለጎን ሲያሳይ፣ ባልደረቦቹ ፎቶዎቹን ቀይሯቸዋል ብለው እስከ መጠርጠር ደረሱ።

ነገር ግን ማን ነው ዕድሜ ልኩን ሩዝና ፍራፍሬ የሚበላው? ኬምፕነር ራሱ ሕሙማኑን እስከ መግረፍ የደረሰ ኃይለኛ ሰው ነበር፤ በስተእርጅናው አምኗል። የጨው ታሪክ አንዱ ችግር ይሄ ነው። ሐኪም ጨውን እንደ ቅጣት ሲያነሳው ሰው እንደ ቅጣት ይሸሸዋል።

ቀጥሎ የመጣው ሌዊስ ዳል ግን መግረፍ ሳይሆን መቁጠር የሚወድ ሰው ነበር። ኒው ዮርክ አጠገብ በሚገኘው ብሩክሄቨን ላቦራቶሪ የሚሠሩ ሰዎችን አንድ ቀላል ነገር ጠየቃቸው። ምግብ ሲቀርብላችሁ ጨው ትጨምራላችሁ? አንዳንዱ ፈጽሞ አይጨምርም። አንዳንዱ ቀምሶ ካነሰው ይጨምራል። አንዳንዱ ደግሞ ገና ሳይቀምሰው ይነሰንሳል። (ሦስተኛውን ሰውዬ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ክትፎ ቤት ገብቶ ገና ሳህኑ ሳይቀመጥ ሚጥሚጣ የሚጠራው ነው።) ግፊት የበዛው ሳይቀምሱ ከሚነሰንሱት ዘንድ፣ ያነሰው ደግሞ ፈጽሞ ከማይጨምሩት ዘንድ ነበር። በ1960 ዳል አምስት ሕዝቦችን በአንድ ሥዕል ላይ አስቀመጠ። በቀን 4 ግራም ገደማ ጨው የሚበሉ የአላስካ ኤስኪሞዎች፣ 7 ግራም የሚበሉ የማርሻል ደሴቶች ሰዎች፣ 10 ግራም የሚበሉ አሜሪካውያን፣ 14 ግራም የሚበሉ የደቡብ ጃፓን ሰዎች፣ በመጨረሻም ከሁሉም በላይ፣ 26 ግራም ገደማ የሚበሉ የሰሜን ጃፓን ገበሬዎች። ጨው በጨመረ ቁጥር ግፊት ያለባቸው ሰዎች ቁጥር እንደ መሰላል ይወጣል። ሰሜን ጃፓን ላይ ከመቶ ሰው አርባ የሚጠጋው ግፊት ነበረበት።

ሥዕሉ ያምራል፤ ከመጠን በላይ ያምራል። አምስት ነጥብ ነው። ኤስኪሞና አሜሪካዊ የሚለያዩት በጨው ብቻ ነው እንዴ? ተቺዎቹም ይህንኑ አሉ። ዳል ወደ አይጦቹ ተመለሰ። በ1962 ያሳተመው ሥራ ለእኔ ከሥዕሉ ይበልጣል። ለአይጦች ሁሉ እኩል ጨው ሲሰጥ አንዳንዶቹ ግፊታቸው ናረና ሞቱ፣ አንዳንዶቹ ምንም አልሆኑም። እየመረጠ ሲያራባቸው ሁለት ዘር አገኘ፤ ጨው የሚጎዳው ዘርና ጨው የማይነካው ዘር። ስለ ጨው በተነሳ ቁጥር «አያቴ ጨው እየላሱ ዘጠና ዓመት ኖረዋል» የሚል ሰው አይጠፋም። ዕውነቱን ሊሆን ይችላል። ችግሩ፣ ሰው ከየትኛው ዘር እንደሆነ በግንባሩ ላይ ተጽፎ አለመወለዱ ነው።

የጨው ሥራ በራሱ ውስብስብ አይደለም። ኩላሊት የተረፈውን ጨው ማውጣት ሲያቅተው ጨው ውኃን ይዞ ሰውነት ውስጥ ይቀመጣል። ደሙ ይበዛል፣ የደም ሥሩ ግድግዳ ይጠነክራል፣ ልብ በየምቱ ጠንከር ያለ ነገር መግፋት ስላለበት ጡንቻው ይወፍራል፣ ውሎ አድሮ ይደክማል። አንጎል ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ደም ሥሮች ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት ሲገፉ ኖረው አንድ ቀን ይፈነዳሉ፤ ወይም ይዘጋሉ። ሕመም የለውም፣ ቁስል የለውም። ግማሽ ጎን እስኪያዝ ድረስ ሰውየው ጤነኛ ነው።

አሁን ወደ ሰሜን ጃፓን እንሂድ፤ የዚህ ታሪክ ልቡ ያለው እዚያ ነው።

አኪታና አኦሞሪ የሚባሉት አውራጃዎች ክረምታቸው በበረዶ የታፈነ ነው። ለወራት አትክልት አይገኝም። ስለዚህ ገበሬው በመኸር ያገኘውን ራዲሽ በጨው ይዘፈዝፋል፣ ዓሣውን በጨው ያሽጋል፣ ከአኩሪ አተርና ከጨው የሚብላላውን ሚሶ በጋን ያስቀምጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ምግብ ነጭ ሩዝ በብዛት፣ ሚሶ ሾርባ ጠዋት ማታ፣ ጨዋማ ማባያ ነው። ድሃ ሩዙን የሚያወርደው በጨው ነበር። ከ1951 ጀምሮ እስከ 1980 ድረስ በጃፓን ሰው በመግደል አንደኛው ስትሮክ ሆኖ ኖረ። ሰሜኑ ደግሞ ከአገሩም የባሰ ነበር። የሚሞቱትም ሽማግሌዎች ብቻ አልነበሩም፤ በአርባና በሃምሳ ዓመታቸው፣ ልጆቻቸውን ገና ሳይድሩ የሚወድቁ ገበሬዎች ነበሩ። መንደሩ ነገሩን የዘር ነው፣ የብርድ ነው፣ የዕጣ ነው ይል ነበር። (ብርዱ ድርሻ አለው፤ ቅዝቃዜ ግፊትን ከፍ ያደርጋል።)

በአኦሞሪ ውስጥ ባለችው ሂሮሳኪ ከተማ የዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ሳሳኪ ናኦሱኬ ከመንደር መንደር እየዞሩ ግፊት ሲለኩ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሁሉም ጨዋማ ይበላል፤ ነገር ግን አፕል በሚያለሙትና በሚበሉት መንደሮች ግፊቱ ዝቅ ይላል። አፕሉ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ከጨው የሚመጣውን ሶዲየም ኩላሊት እንዲያስወጣ ያግዛል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ከስድሳ ዓመት በኋላ ቻይና ውስጥ እንደገና እናገኘዋለን።

በ1963 ደግሞ ኮማቺ ዮሺዮ የሚባሉ ሐኪም ቡድናቸውን ይዘው ከኦሳካ ተነሥተው አኪታ ውስጥ ኢካዋ ወደምትባል ትንሽ ሥፍራ ሄዱ። የነዋሪውን ሁሉ ግፊት በየዓመቱ መለካት፣ ግፊት ያለበትን በነርስ ቤቱ ድረስ መከታተል፣ መድኃኒት የሚያስፈልገውን ማስጀመር፣ ለሴቶቹ የማብሰል ትምህርት መስጠት። ይህ ነው ሥራው፤ ለዜና የሚሆን ተአምር የለውም። ግን ለአሥርት ዓመታት አልተቋረጠም። በ1998 የታተመው ጥናት እንደሚያሳየው፣ በተለይ በወንዶቹ ዘንድ፣ ስትሮክ ኢካዋ ላይ የቀነሰው ይህን ያህል ክትትል ካልተደረገላት ሌላ የአኪታ መንደር በበለጠ ፍጥነት ነው።

ከሁሉም የምወደው ግን የናጋኖን ታሪክ ነው። ናጋኖ ባሕር የማይነካው ተራራማ አውራጃ ነው፤ እዚያም ጨውና ሚሶ የገበሬው ኑሮ ነበር። ዋካትሱኪ ቶሺካዙ የሚባል ግራ ዘመም ወጣት ሐኪም፣ ፋብሪካ ውስጥ ስለሚጎዱ ሠራተኞች አጥንቶ በመጻፉ በጦርነቱ ጊዜ ታስሮ ከተፈታ በኋላ፣ በ1945 ሳኩ የሚባል ቦታ ወዳለ ትንሽ ሆስፒታል መጣ። ሕሙማኑ የሚመጡት ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ መሆኑን ሲያይ እሱ ወደ እነሱ መውረድ ጀመረ። ቅዳሜና እሑድ ከነርሶቹ ጋር መንደር ይሄዳል፤ ቀን ያክማሉ፣ ማታ ቲያትር ይሠራሉ። አዎ፣ ቲያትር። ገበሬው ንግግር ሲሰማ እንደሚያንቀላፋ፣ ቲያትር ሲያይ ግን ከነልጆቹ እንደሚመጣ ገብቶት ነበር። በ1976 የማግሳይሳይ ሽልማት ተሰጠው።

በዚያው አውራጃ የጤና ረዳት በጎ ፈቃደኞች የሚባል ባህል አደገ። እነዚህ ሐኪሞች አይደሉም፤ ተራ የቤት እመቤቶች ናቸው፣ ጥቂት ዓመት አገልግለው ለጎረቤት ያስረክባሉ። ጨው መለኪያ ይዘው ከቤት ቤት እየዞሩ የየቤቱን ሚሶ ሾርባ ይለኩ ነበር። አስቡት፤ ጎረቤትሽ መጥታ ወጥሽን ለክታ «እትዬ፣ ትንሽ በዝቷል» ስትልሽ። ሾርባውን ተዉ አላሉም። በቀን አንድ ጊዜ ይሁን፣ አትክልቱ ይብዛ፣ ፈሳሹ ይነስ አሉ። ምጣዱ ላይ ሲቀነስ የሚቀነሰው ለሁሉም ነው፤ ለበሽተኛውም፣ ግፊት እንዳለበት ለማያውቀውም፣ ገና ለሚያድገው ልጅም። ናጋኖ በ1990 የወንዶች ዕድሜ በጃፓን አንደኛ የረዘመባት አውራጃ ሆነች፣ በ2010 የሴቶቹም።

ሁሉንም ለጨው ብቻ ብንሰጠው ግን ታሪክ ማጭበርበር ይሆናል። በ1960ዎቹ ማቀዝቀዣ ገበሬው ቤት ሲገባ ዓሣን በጨው ማሸግ ቀረ። የግፊት መድኃኒት መጣ። ቤቱ ሞቀ፣ ገቢው አደገ፣ ሥጋና ወተት ተጨመረ። በ1981 ስትሮክ የአንደኝነቱን ቦታ ለካንሰር ለቀቀ። ጃፓን ዛሬም በቀን ወደ 10 ግራም ጨው ትበላለች፤ ሥራው አላለቀም።

እዚህ መሀል ምሁራኑ እርስ በርስ ሲጣሉ ኖረዋል። በ1988 ኢንተርሳልት የተባለ ጥናት በ32 አገሮች፣ በ52 ቦታዎች ከ10 ሺህ በላይ ሰዎችን ለካ። በብራዚል ጫካ የሚኖሩት፣ ጨው የማያውቁት ያኖማሚዎች ግፊታቸው 95 በ61 ገደማ ሆኖ ተገኘ፣ በዕድሜም አይጨምርም። የተቀሩት ሕዝቦች ላይ ግን ዝምድናው ከተጠበቀው የሳሳ ነበር። የአሜሪካ የጨው አምራቾች ማኅበር ወዲያው «አላልናችሁም?» አለ፣ ጥሬ መረጃውንም ጠየቀ፣ ተከለከለ፣ ጭቅጭቁ ዓመታት ወሰደ። በ2001 የወጣው የዳሽ ጥናት 412 ሰዎችን በሦስት የጨው መጠን እያፈራረቀ መግቦ፣ ጨው ሲወርድ ግፊት ደረጃ በደረጃ እንደሚወርድ አሳየ። «ግፊቱስ ወረደ፣ ስትሮኩ ግን ቀነሰ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ቀረ። በ2014 ደግሞ ጨው እጅግ ያነሰባቸውም ይጎዳሉ የሚል ሌላ ጥናት ወጣና ነገሩ እንደገና ታመሰ፤ አንድ ጊዜ በተወሰደ ሽንት የአንድን ሰው የዘወትር ጨው መገመት ይቻላል ወይ ተብሎ ብዙ ተተችቷል።

መልሱ የመጣው ከቻይና ገጠር ነው። እዚያ ጨው የሚመጣው ከፋብሪካ ምግብ ሳይሆን ከእናትየው ማንኪያ ነው። በ600 መንደሮች 20,995 ሰዎች ተመዘገቡ፤ ቀድሞ ስትሮክ የመታቸው፣ ወይም 60 ዓመት ሞልቷቸው ግፊት ያለባቸው። ግማሾቹ መንደሮች የለመዱትን ጨው ቀጠሉ። ለሌሎቹ ሩብ ያህሉ በፖታሲየም የተተካ ጨው በነጻ ታደለ። መልኩ ያው፣ ጣዕሙም የተቀራረበ፣ አሠራሩም የለመዱት። ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2021 ውጤቱ ሲታተም፣ ስትሮክ በ14 ከመቶ፣ ሞት በ12 ከመቶ ቀንሷል። የሳሳኪ አፕል በጨው ዕቃ ውስጥ ገባ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በጃንዋሪ 2025 ለዐዋቂዎች እንዲህ ያለውን ጨው መክሯል፤ ኩላሊቱ የታመመና ፖታሲየም የሚያጠራቅም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ ሊነካው አይገባም።

እኛስ? እኛ የጨው ታሪካችን የእጥረት ታሪክ ነው። አሞሌ ገንዘብ የነበረበት አገር ነን፤ ፖርቱጋላዊው አልቫሬዝ በ1520ዎቹ መጥቶ ያየውም ይህንኑ ነው። አሞሌው ከአፋር ሜዳ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይወጣል፤ ጎጃምና ከፋ የደረሰው ጨው የብዙ ቀን መንገድ፣ የብዙ ግመልና በቅሎ ላብ ነበረበት። ገንዘቡን ወጥ ውስጥ በእፍኝ የሚበትን የለም። ጨው እንዲህ የረከሰው በቅርቡ፣ በአያቶቻችንና በወላጆቻችን ዕድሜ ነው። በ2015 በመላ አገሪቱ የተደረገው ጥናት ኢትዮጵያዊ ዐዋቂ በቀን ከ8 ግራም በላይ ጨው እንደሚበላ፣ ከመቶው 16 ያህሉም ግፊት እንዳለበት አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ።

ወጣችን የሚመስለው የእንግሊዙን የታሸገ ምግብ ሳይሆን የአኪታውን ጋንና የቻይናዋን እናት ማንኪያ ነው። እኛ ቤት ግን ሐኪም «ጨው ይተዉ» ሲል የሚሆነው ይታወቃል፤ ለአባትየው ብቻ ለብቻው አልጫ ይሠራል፣ አባትየው ሦስት ቀን ይታገሣል፣ በአራተኛው ከልጆቹ ጋር መሶቡ ላይ ይቀርባል። መንግሥትም ወደ ጨው ከረጢት እጁን ማስገባት አዲሱ አይደለም። በ2011 ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ደንብ ወጥቷል፤ የእንቅርት ነገር አስገድዶ። አዮዲኑ ከትንሽ ጨውም ላይ ይገኛል፤ መጠኑ ተስተካክሎ መጨመር ብቻ ነው የሚፈልገው።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ ጃፓኖቹ በሚሶ ያደረጉትን ሳነብ ወደ አእምሮዬ የመጣ። የኛ ወጥ ጨው የሚገባበት ድስቱ ሲጣድ ብቻ አይደለም። በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ፣ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉ፣ ከበሶብላውና ከኮረሪማው ጋር ሲሰናዳ ጨውም አብሮ ይገባል። ሚጥሚጣው ውስጥ አለ፣ አዋዜው ውስጥ አለ። ከዚያ በኋላ ያንኑ በርበሬ ይዞ የሚሠራው ወጥ ላይ እንደገና ይነሰነሳል። ብዙ ቤት በርበሬ የሚዘጋጀው በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው። ወደ ወፍጮ ቤት ከመሄዱ በፊት ባለው በዚያ ቀን፣ ሰፌዱ ፊት የተቀመጡት እናት በእጃቸው ለክተው የሚጨምሩት ጨው የቤተሰቡን የዓመት ቀለብ ይወስናል።